ዳክዬ አይደለም፦ ባለቁንጮው ጠላቂ ወፍና የሐይቆቻችን ዳርቻ

ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ነበር። አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው፣ ሰባት ዓመቱ። ከዳር ሃያ ሜትር ያህል ርቃ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትንሳፈፋለች። ድንገት ጭንቅላቷን ደፋ አድርጋ ጠፋች። «አጎቴ፣ ዳክዬዋ ሰመጠች!» ብሎ ተነሣ። መቁጠር ጀመርን። አሥራ ስድስት ላይ ስንደርስ ፈጽሞ ባልጠበቅነው ቦታ ብቅ አለች። አፏ ላይ ብር የመሰለ ነገር ብልጭ ይላል። ትንሽ ዓሣ ነበር። ዋጥ አደረገችውና መልሳ ጠለቀች።

ልጁን አላረምኩትም ነበር። እኔም በሱ ዕድሜ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ዳክዬ ነበር የምለው። ግን ዳክዬ አልነበረችም። ግሪብ ከሚባሉት ጠላቂ ወፎች ትንሿ ናት። ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለ ትልቁ ዘመዷ ነው፤ ቁንጮ ስላለው። እሱም የኢትዮጵያ ወፍ ነው። በደጋ ሐይቆችም በስምጥ ሸለቆም ይኖራል። ሆኖም ስሙን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው። እኔ እዚህ ባለቁንጮው ግሪብ እለዋለሁ።

ለምን አሁን? ከኢትዮጵያ እስከ ሰሜን ዛምቢያ ያለው የዚህ ወፍ ሕዝብ፣ የአፍሪካና የዩራሲያ ተጓዥ የውኃ ወፎች ስምምነት ውስጥ ቁጥራቸው ከ10,000 በታች ከሆኑት ጋር ተመዝግቧል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። በዓለም ደረጃ ሲታይ ግን ወፉ «አያሰጋም» ከሚባሉት ውስጥ ነው። አውሮፓና እስያ ውስጥ ብዙ አለና። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አንድ ወፍ በዓለም ላይ ብዙ ስለሆነ ብቻ እኛ ሐይቅ ላይ ሲጠፋ ማንም ላያስተውል ይችላል።

መጀመሪያ እንለየው

የእኛ አገር ሴቶችና ልጆች ድሮ ጋሜና ቁንጮ ይሠሩ እንደነበረው፣ ይህ ወፍም ጭንቅላቱ ላይ ጥቁር ቁንጮ አለው። ሲደነግጥ ወይም ከጓደኛው ጋር ሲገናኝ ያቆመዋል። ያኔ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ትንሽ ቀንድ ይታያል። ከጉንጩ ግራና ቀኝ ደግሞ የአንበሳ ጎፈር የሚመስል ላባ አለው። ሥሩ ቀይ ቡናማ፣ ጫፉ ጥቁር ነው። አንገቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፣ ፊት ለፊቱ ነጭ። ዓይኑ ቀይ ነው። ሙሉ ርዝመቱ ከ46 እስከ 51 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከሩቅ ሲታይ ውኃው ውስጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አካልና እንደ ዱላ የቆመ ነጭ አንገት ነው የሚታየው።

የአውሮፓው ወፍ፣ የአገሩ የብርድ ወቅት የሆነው ክረምት ሲገባ ቁንጮውና ጎፈሩ ይረግፋል። ገርጥቶና ነጣ ብሎ ይከርማል። የእኛ አፍሪካዊው ግን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል እንደተሸለመ ነው። ከአውሮፓው ይልቅ ፊቱ ጠቆር ይላል። ስለዚህ የአውሮፓ የወፍ መጽሐፍ ይዞ «የክረምቱ መልክ» የሚለውን ሥዕል የሚፈልግ ሰው እዚህ ግራ ይጋባል።

ማሳሳቻዎችም አሉ። ዋናው ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣው ባለቁንጮ ዳክዬ ነው። እሱም ቁንጮ አለው፣ እሱም ይጠልቃል። ወንዱ ጥቁርና ነጭ ነው። ቁንጮው ከኋላ ወደታች ይንጠለጠላል፣ ዓይኑም ቢጫ ነው። ታዲያ እንዴት ይለያል? አፉን እዩ። የዳክዬው አፍ እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ነው። የግሪቡ ግን እንደ ወስፌ ቀጥ ብሎ የሾለ ነው። ይህ አንድ ምልክት ብቻውን ይበቃል።

ሁለተኛው ማሳሳቻ ዓሣ አጥማጁ ትልቅ ጥቁር ወፍ፣ ኮርሞራንት ነው። አፉ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። ከውኃ ወጥቶ ግንድ ላይ ቆሞ ክንፉን ዘርግቶ ላባውን ያደርቃል። ግሪብ እንዲህ ሲያደርግ አታገኙትም። ከውኃ የሚወጣው ጎጆው ላይ ሲሆን ነው እንጂ ሌላ ጊዜ እምብዛም ነው።

ምክንያቱ እግሩ ነው። የግሪብ እግሮች እንደ ሞተር ጀልባ ሞተር ከኋላ ጫፍ ላይ ነው የተተከሉት። ጣቶቹም እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዙ አይደሉም። እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ክንፍ አለው። ለመጥለቅ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም። ውኃ ውስጥ እንደ ቀስት ይወረወራል። የብስ ላይ ሲወጣ ግን ሰውነቱን መሸከም ያቅተዋል፤ በደረቱ ይንፏቀቃል። ለመብረርም የውኃውን ፊት እየደበደበ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል።

ይህን ልብ በሉልኝ። ስለ አረባቡም ሆነ ስለ አደጋው የምናገረው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ይህ ወፍ ከውኃ ውጪ ቤት የለውም።

አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። የዘረመል ጥናት የግሪብ የቅርብ ዘመድ ዳክዬ ሳይሆን ፍላሚንጎ መሆኑን አሳይቷል። አብያታ ዳር ቆመው የሚያዩት ያ ቀጭን ረጅም እግር ያለው ሮዝ ወፍ! መጀመሪያ ሳነብ አላመንኩም ነበር።

ጭፈራው

በ1912 የፀደይ ወራት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ጁሊያን ሀክስሊ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ፣ ትሪንግ በሚባል ቦታ ያሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ዳር ተቀምጦ እነዚህን ወፎች በመነጽር ሲከታተል ሰነበተ። ያየውን በ1914 አሳተመ። ዛሬም የእንስሳት ባሕርይ የሚያጠኑ ሰዎች ያንን ሥራ ያነሳሉ።

ምን አየ? ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቁንጯቸውን ያቆማሉ፣ ጎፈራቸውን ይነፋሉ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ። እስክስታ ሊጀምር ያለ ሰው አንገቱን ሲሰብቅ ዓይነት ነው። አንዱ ሲነቀንቅ ሌላው ይመልሳል። ይህ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሣሩ ጭፈራ ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው ይጠልቃሉ። ከሥር የውኃ ሣር በአፋቸው ነቅለው ይወጣሉ። ተያይተው ይፈጥናሉ፤ ሊጋጩ ሲደርሱ ደረት ለደረት ሆነው ከውኃው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እግራቸው ከሥር ውኃውን በፍጥነት ይቀዝፋል። ሣሩን እንደያዙ ጭንቅላታቸውን እያወዛወዙ ጥቂት ሰከንድ ይቆዩና ቀስ ብለው ይወርዳሉ። ሁለቱም እኩል ነው የሚጨፍሩት። አንዱ ተመልካች ሌላው ተጫዋች አይደለም። መልካቸውም ተመሳሳይ ስለሆነ ከሩቅ ወንዱን ከሴቷ መለየት ያስቸግራል።

ሣሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ጎጆው የሚሠራው ከሱ ነው።

ተንሳፋፊው ጎጆ

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው የግሪብን ጎጆ ለመገመት አይቸገርም። የበሰበሰ የውኃ ሣር፣ የፊላ ቅጠል፣ እርጥብ ገለባ ተከምሮ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እንዳይሄድ ደግሞ ከፊላው ወይም ከሸምበቆው ግንድ ጋር ይያያዛል። አንዳንዴ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ቅርንጫፍ ጋር። ውኃው በጥቂቱ ከፍ ሲል አብሮ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ሲል አብሮ ዝቅ ይላል። ግማሹ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ወላጆቹም አዲስ ሣር ከመጨመር አያርፉም፤ ከታች ይበሰብሳልና።

ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ ሲጣል ነጭ ነው። በሳምንት ውስጥ ከእርጥቡ ሣር ቀለም እየሳበ ቡናማ ይሆናል። ሁለቱም ተራ በተራ ይታቀፉታል፣ ለ28 ቀን አካባቢ። ከጎጆው የሚነሣው ወላጅ፣ ጊዜ ካገኘ፣ በአፉ ሣር እየጎተተ እንቁላሎቹን ይሸፍናቸዋል። ከዚያ በኋላ ጎጆው ጎጆ አይመስልም። የተከማቸ ቆሻሻ ሣር ነው የሚመስለው። ቁራና ጭልፊት እንዲታለሉ ነው።

መታቀፍ የሚጀምሩት እንቁላሉ ተጥሎ ሳያልቅ ነው። ስለዚህ ጫጩቶቹ በአንድ ቀን አይፈለፈሉም። ታላቁ ወጥቶ ሲዋኝ ታናሹ ገና እንቁላል ውስጥ ሊሆን ይችላል። እንደወጡ ወዲያው የወላጅ ጀርባ ላይ ይወጣሉ። ጭንቅላታቸው እንደ ሜዳ አህያ ነጭና ጥቁር ሰንበር አለው። አንዱ ወላጅ ጫጩቶቹን አዝሎ ሲንሳፈፍ ሌላው እየጠለቀ ትንንሽ ዓሣ ያመጣል። እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ገበያ ስትሄድ የሚያዩት ዓይነት ነው፤ ከክንፉ መሐል አንዲት ትንሽ ሰንበራም ጭንቅላት ብቅ ትላለች።

ወላጁ ከዓሣው በፊት ሌላ ነገርም ያጎርሳቸዋል፤ የራሱን ላባ። ከደረቱ ትንሽ ላባ ነቅሎ ውኃ ውስጥ ነከር አድርጎ ይሰጣቸዋል። ትልልቆቹም ላባ ይበላሉ። ላባው ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ የዓሣውን እሾህ ይይዛል፣ አንጀትን እንዳይወጋ። በኋላ እሾሁንና ላባውን አንድ ላይ አድርገው ይተፉታል።

ጫጩቶቹ አደግ ሲሉ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ወላጅ የየራሱን ልጆች ይዞ ይሄዳል። ሙሉ ለሙሉ መብረር የሚችሉት ከአሥር ሳምንት በኋላ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህ ሁሉ በፀደይና በሞቃቱ ወራት ይካሄዳል። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ወቅቱ እንዲያ በቀን መቁጠሪያ የታሰረ አይደለም፤ ከዝናቡና ከውኃው መጠን ጋር ይሄዳል።

እስቲ ቀኑን ደምሩት። ጎጆ መሥራት፣ መታቀፍ፣ ማሳደግ። ሦስት ወር ከመንፈቅ ያህል ይፈጃል። ለዚህን ያህል ጊዜ ሐይቁ መረጋጋት አለበት። ዳርቻውም ቦታው ላይ መቆየት አለበት።

ከሌላ አገር የተማርነው

እንግሊዝ ውስጥ ይህ ወፍ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ምክንያቱ ፋሽን ነው። የደረቱ ላባ እንደ ፀጉር ለስላሳ ስለሆነ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ለባርኔጣ ማስጌጫና ለእጅ ማሞቂያ ይፈለግ ነበር። በ1860 አካባቢ በመላ አገሪቱ የሚታወቁት ከመቶ ጥንድ በታች ነበሩ። በ1889 ኤሚሊ ዊልያምሰን የተባሉ ሴት በማንቸስተር አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ማኅበር አቋቋሙ። አባል የምትሆን ሴት የወፍ ላባ ላለመልበስ ቃል ትገባለች። ያ ትንሽ ማኅበር አድጎ ዛሬ የብሪታንያ ንጉሣዊ የወፎች ጥበቃ ማኅበር ሆኗል። ላባ ወደ አገር ማስገባትን የሚከለክለው ሕግ በ1921 ወጣ። በ1931 በበጎ ፈቃደኞች ሲቆጠር ወፉ ከአንድ ሺህ ጥንድ በላይ ደርሶ ነበር።

ለማገገሙ ሕጉ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ለከተሞች የተሠሩ የውኃ ማጠራቀሚያዎችና ጠጠር ከወጣባቸው በኋላ ውኃ የሞላባቸው ጉድጓዶችም አዲስ ቤት ሆነውለታል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው የሚመስለኝ። ሰው የሠራው ግድብም ቢሆን ዳርቻው ላይ ፊላ ከበቀለና ሰላም ካገኘ ይኖርበታል ማለት ነው።

ኒውዚላንድ ደግሞ ቁጥሩ ከአንድ ሺህ በታች ነው የሚገመተው። እዚያ ፑቴኬቴኬ ይሉታል። በ2023 በተደረገው «የምዕተ ዓመቱ ወፍ» ምርጫ፣ አሜሪካ የሚኖረው የቴሌቪዥን አቅራቢ ጆን ኦሊቨር ቀስቅሶለት ከ290,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ለኔ ግን ከምርጫው ይልቅ የዋናካ ሐይቁ ሥራ ይበልጣል። ጆን ዳርቢ የተባሉ ጡረታ የወጡ ተመራማሪ ከ2013 ጀምሮ ለወፎቹ ተንሳፋፊ የጎጆ መድረክ መሥራት ጀመሩ። የሐይቁ ውኃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጎጆዎቹ ይሰምጡ ወይም ደረቅ ላይ ይቀሩ ነበር። መድረኩ ከውኃው ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ወፎቹ ወዲያው ተቀበሉት፤ ጫጩቶችም ተፈለፈሉ።

የማዳጋስካሩ ታሪክ ግን ያሳዝናል። አላኦትራ ሐይቅ ላይ ብቻ የሚኖር የራሱ ግሪብ ነበር። በ2010 «ጠፍቷል» ተብሎ ታወጀ። የናይሎን መረብ፣ ከውጭ መጥተው የተለቀቁ ዓሣ በል ዓሦች፣ ከትንሿ ግሪብ ጋር መዳቀል፤ ሦስቱም ተባብረው አጠፉት። አሁን ያ ወፍ በፎቶና በሙዚየም ብቻ ነው የቀረው።

እኛ ጋ ያለው አደጋ

ከሁሉም መረቡን አስቀድማለሁ። ባለቁንጮው ግሪብ ዓሣን ውኃ ውስጥ እያሳደደ ነው የሚይዘው። ቀጭን የናይሎን መረብ ውኃ ውስጥ አይታይም። ዓሣውም አያየውም፣ ወፉም አያየውም። አንገቱ ወይም ክንፉ ከገባ አበቃ። ብዙውን ጊዜ ትንፋሹን ይዞ የሚቆየው ከግማሽ ደቂቃ በታች ነው። ማታ የተጣለ መረብ ጠዋት ሲነሣ ሞቶ ይገኛል። በኬንያ ሐይቆች ላይ ለወፉ መቀነስ ከሚነሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው መረብ ነው። እኛም ጋ፣ ለምሳሌ ጣና ላይ፣ ሞኖፊላመንት የሚባለው ርካሽ መረብ መስፋፋቱ በዓሣው ላይ ያደረሰው ጉዳት ብዙ ተብሎበታል። ስለ ወፉ ግን ሲነሣ አይሰማም። ዓሣ አጥማጁን መውቀስ አልፈልግም፤ ልጆቹን የሚያበላበት ነው። ነገር ግን የመረብ ዓይን ስፋት ደንብ ቢከበር፣ መረቡም ከፊላው ጥግ ራቅ ብሎ ቢጣል ሁለቱም ይጠቀማሉ። ፊላው ሥር እኮ ወፉ ብቻ አይደለም የሚራባው። የዓሣው ጫጩትም እዚያው ነው የሚያድገው።

ቀጥሎ የሐይቁ ዳርቻ ነው። ፊላና ደንገል ይታጨዳል፣ ይቃጠላል። ውኃው ሸሸት ሲል እስከ አፉ ድረስ ይታረሳል። ለሪዞርት «እይታ እንዲከፈት» ተብሎ የሚመነጠርም አለ። ለእኛ ቁጥቋጦ ነው። ለዚህ ወፍ ግን ጎጆውን የሚያስርበት ዋናው ምሰሶ ነው።

ውኃውም ራሱ አለ። ሐሮማያ ሐይቅ በዓይናችን ፊት ደርቆ አይተናል። አብያታ፣ የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ከላይ በመስኖ ስለተጠለፈና ውኃውም ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ጨው) ምርት ስለተሳበ፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ በጣም ሸሽቷል። ዓሣው ከጠፋ ቆይቷል፤ ፔሊካኖቹም ዓሣ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ድረስ ይበራሉ። ፔሊካን ግን ትልቅ ክንፍ አለው፣ እንደፈለገ ይበራል። ጎጆ ላይ ያለ ግሪብ የት ይሄዳል? በወር ውስጥ ውኃው ግማሽ ሜትር ከወረደ፣ ታስሮ ይንሳፈፍ የነበረው ጎጆ ጭቃ ላይ ይቀራል። ውሻም፣ ልጅም፣ ቀበሮም በእግሩ ሄዶ ይደርስበታል። ጣና ላይ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። ውኃው አለ፣ ግን ተሸፍኗል። ጠላቂ ወፍ ክፍት ውኃ ካጣ ዓሣውን አያይም፣ ለመብረርም መንደርደሪያ አያገኝም።

በየጥር ወሩ በአፍሪካ ሐይቆች ላይ የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ። እኛም አገር የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ቆይቷል። ሥራው ትልቅ ነው። ሆኖም የጥር ቆጠራ ወፍ ይቆጥራል እንጂ ጎጆ አይቆጥርም። አንድ ሐይቅ ላይ ሃያ ግሪብ ቢታይና ለአምስት ዓመት አንድም ጫጩት ባይታይ፣ ቁጥሩ ደህና መስሎ ሐይቁ ግን ለወፉ ሞቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር የምትኖሩ፣ ወይም ለሽርሽር የምትሄዱ ሰዎች የምታዩት ነገር ዋጋ አለው። ሰንበራም ጫጩት ጀርባ ላይ ካያችሁ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። በስልክ ቢሆንም ፎቶ አንሡ፣ ግን ከርቀት።

ከርቀት የምልበት ምክንያት አለኝ። ጀልባ ቀስ ብሎ ሲቀርብ ታቅፎ የነበረው ወፍ ከሩቅ ያያል። ይነሣል። በግራ በቀኝ ሣር እየጎተተ እንቁላሎቹን ይሸፍናል፣ ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጀልባው በሞተር ተፈትልኮ ከመጣ ግን ያ ጊዜ የለውም። ወፉ ዘሎ ይጠልቃል። ማዕበሉ ጎጆውን ያናውጠዋል፣ ነጩ እንቁላልም ፀሐይ ላይ፣ ቁራው ከዛፍ ሆኖ በሚያየው ቦታ፣ ተገልጦ ይቀራል።